ጤነኛ ልብ

«እዩት! ማንበብ የምትችሉ አንብቡት!» እናትየው ሟቹ ልጇ ቤት ትቶት የሄደውን የልብ ምርመራ ቅጂ አሁን ለገባው እንግዳ ዘረጋችለት። «ልቡ ጤነኛ ነበር። ይኸው ማኅተሙ! ጤነኛ ልጄን ነው የገደሉብኝ!»

እንግዳው ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው። ወንበር እንኳ ሳይዝ መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ ወረቀቱን ላይ ላዩን አየና ራሱን ነቀነቀ። «እግዜር ያጽናሽ» አለ። «እንዲህ አገር ያስጠራ ልጅ!»

በሩ ጋ ቆሞ የነበረው ትንሹ ልጇ ጥርሱን ነከሰ። በያጅ ነው፤ እጁ ላይ የብየዳ ፍንጣሪ ያልፈጀው ቦታ የለም። ለቅሶ ከተቀመጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው፤ ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ጠርዙ ቆሽሿል። በነዚህ ሦስት ቀናት «አገር አስጠራ» ሲባል ስንቴ እንደሰማ እሱ ነው የሚያውቀው። ማን ሰምቶ? እዚህ ከተኮለኮለው ሰው መሃል አንዲት ጨዋታውን ያየ ካለ እስቲ እጁን ያውጣ! ወንድሙ በአሥራ ሦስት ዓመት ዘጠኝ ክለብ ሲቀያይር፣ ስድስት አገር ሲንከራተት አንድም ቀን ደህና ነው ወይ ብሎ ያልጠየቀ ሁሉ፣ ዛሬ የቅርብ ዘመድ ሆኖ ሻይ ይጠጣል።

«አንተ ደግሞ ምን ተገትረህ ቀረህ?» አለችው አክስቱ ከጓዳ ብቅ ብላ። «ወንበር አቀብል እንጂ። ቁመት ብቻ!»

ወንበር አቀበለ። ቁመት ብቻ መሆኑን ማን አጣው? ሰፈሩ ሁለቱን ወንድማማቾች መሰላል እያለ ነው ያሳደጋቸው፤ ሟቹን ትልቁ መሰላል፣ እሱን ትንሹ መሰላል። ትንሹ ይባል እንጂ ግድግዳ አስደግፈው ሲለኳቸው እኩል ናቸው። በመልክም ቢሆን አንድ አፍንጫ፣ አንድ አገጭ። እናታቸው ግን ድንክ የምታክል ናት። ከየት አመጣሻቸው ሲሏት «ውሃ እያጠጣሁ ነዋ!» ትል ነበር፣ ሳቅ በነበረ ጊዜ።

ትልቁ ቅርጫት ኳስ ይዞ ሄደ። ሰው ውጭ አገር ተጫዋች ነው ሲባል በየመንገዱ ፎቶው የተለጠፈ ይመስለዋል። የሱ ኮንትራት ግን ሲበዛ የአንድ ዓመት፣ ሲያንስ የሦስት ወር ነው። «የሰው ጉልበት ሲሰበር ነው የኔ ስልክ የሚጮኸው» ይል ነበር። በተሰበረው ሰው ቦታ ይገባል፤ ሰውዬው ሲድን ሻንጣውን ይዞ ይወጣል። አንደኛው ክለብ በውድድሩ መሃል ፈርሶበት ማሊያውን እንደለበሰ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቀርቷል። አልጋ በቅቶት ስለማያውቅ የሚተኛው በሰያፍ ነው። በስድስት ቋንቋ የሚያውቀው ሦስት ሦስት ቃል ብቻ ነበር፤ አቀብለኝ፣ ከኋላህ፣ ጉልበቴን።

ባለፈው ዓመት ለዕረፍት መጥቶ ሳለ አንድ ቀን ጠዋት ወደ ትንሹ ብየዳ ቤት ሄደ። በሩን ጎንበስ ብሎ አለፈና የብረት ቁልል ላይ ተቀመጠ።

«ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር» አለ። «የልብህ ግድግዳ ወፍሯል አሉኝ። ካላቆምክ እየሮጥክ ትወድቃለህ ነው የሚሉት።»

«ታዲያ ታቆማለሃ!»

«አንድ ዓመት ብቻ።»

«የምን አንድ ዓመት? ጤነኛ ነህ?»

«ስማኝ እስቲ። አንድ ክለብ ፈልጎኛል። ማንም አልተሰበረባቸውም፤ እኔን ብለው፣ በስሜ ነው የጠሩኝ። አምበል እናደርግሃለን አሉኝ። እኔን! በአሥራ ሦስት ዓመት አንድ ቀን እንዲህ ተብዬ አላውቅም። ትንሽ ክለብ ናት፤ ሐኪማቸውም አልፎ አልፎ ነው የሚመጣው። የልብ ምርመራ ወረቀት ከዚያው ይዘህ ና፣ ይበቃናል ብለውኛል።» ከዚያ ቀና ብሎ ወንድሙን አየው። «ያንተ ልብ ደህና አይደል?»

በያጁ እምቢ ማለት ነበረበት። መዶሻ አንስቶ ከዚያ ቤት ማባረር ነበረበት! ግን ያ ትልቅ ሰውዬ ሲለምን አይቶት አያውቅም፤ አንጀቱን በላው። በማግስቱ የወንድሙን ፓስፖርት ይዞ ማንም ወደማያውቃቸው ክሊኒክ ሄደ። ፎቶው እንደሆነ ቁርጥ እሱን ነው። ባለሙያዋ ደረቱ ላይ ቀዝቃዛ ሽቦ ለጣጠፈችበት፤ ማሽኑም ወረቀቱን ተፋ። «ስፖርተኛ መሆንህ ያስታውቃል» አለችው። ውጭ ሲጠብቀው ለነበረው ወንድሙ ይህን ሲነግረው ሁለቱም መንገድ ላይ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ያ ሳቅ ትዝ ባለው ቁጥር አሁን ራሱን በጥፊ ማጮል ያምረዋል።

ትልቁ አራት ወር በአምበልነት ተጫወተ። በአምስተኛው ወር፣ አንድ ቅዳሜ፣ ኳስ እያነጠረ ሲሮጥ በደረቱ ተደፋ።

በለቅሶው በዚሁ ሦስተኛ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ኤጀንቱ መጣ። ለሟቹ ክለብ ያፈላልግለት የነበረ ሰው ነው፤ ሱፉ ጥቁር፣ ጫማው የሚያብለጨልጭ። ገና ሳይቀመጥ እናትየው ቀደመችው።

«ያን የክለቡን ሐኪም አሰሩልኝ?»

«እማማ፣ እኔም የመጣሁት ለሱ ነው። ወረቀቱን ይስጡኝ። ልጅዎ ጤነኛ ሆኖ እንደሄደ ማስረጃው ይሄ ነው። በቸልተኝነት እንከሰዋለን፤ ፈቃዱን እናስነጥቀዋለን። ሁለተኛ ሐኪም ነኝ አይልም።»

«ይታሰርልኝ! በቁሙ ይበስብስልኝ!»

በያጁን፣ ተናገር፣ ተናገር ይለዋል አንዱ ሐሳብ። ሌላው ደግሞ፣ የቀረቻት አንድ ልጅ አንተው ነህ፣ አንተንም ትቅበርህ ወይ ይለዋል። ዝም ካለ እናቱ አብራው ትኖራለች፤ የማያውቀው አንድ ሐኪም ግን ስሙ ይጠፋል። የኤጀንቱ ስልክ የጮኸው ይህን ሲያወጣና ሲያወርድ ነው።

ኤጀንቱ ስክሪኑን አየና ደነገጠ። «ራሱ ነው፤ ሐኪሙ» አለ።

«ስጠኝ! ድምፁን ልስማው!» አለች እናትየው።

ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገው። የወጣት ድምፅ ነው፤ ከኤጀንቱ በቀር ማንም በማያውቀው ቋንቋ፣ እያለቀሰ ይናገራል። ኤጀንቱ ቀስ እያለ ተረጎመ።

«አርባ ደቂቃ ሙሉ ደረቱን ስጫን ነበር ይላል። እጄ እስኪዝል። ምን አምልጦኝ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ፤ እናቱ ይቅር ይበሉኝ ይላል።»

«እጁ ይቆረጥ በለው!» እናትየው ጮኸች። «እናት አለችህ ወይ በለው! እሷም እንደኔ ትቃጠል በለው!»

«ዝጋው!» አለ በያጁ።

ሁሉም ዞሮ አየው። ኤጀንቱ እርግማኑን ሊተረጉም አፉን ከፈተ።

«ዝጋው አልኩህ! እንዳትነግረው!» ስልኩን ከእጁ ነጥቆ ዘጋው። ድምፁ ቤቱን ሞላው። «ያ ሰው ምን አደረገ? ንገሩኛ! አርባ ደቂቃ ለፋ፤ እሱ ነው የሚረገመው? እማዬ፣ ያ ወረቀት ላይ ያለው የኔ ልብ ነው!»

«ምን ትላለህ አንተ?»

«የኔ ነው! እሱ ታሞ ነበር። አቁም፣ ትሞታለህ ብለውት ነበር፤ ነግሮኛል። በሱ ፓስፖርት ሄጄ የተመረመርኩት እኔ ነኝ። እሱ ለመነኝ፣ እኔም እሺ አልኩ። ሐኪሙን ያታለልነው እኛ ነን!»

«ኧረ በፈጠረህ!» አለች አክስቱ። አስተማሪው ብርጭቆውን መሬት አስቀምጦ ሰረቅ አድርጎ ወደ በሩ ተመለከተ።

እናትየው ከፍራሹ ተነሳች። ሊደግፏት የተዘረጉትን እጆች ሁሉ ገፍታ ፊቱ መጥታ ቆመች። በጥፊ ልታጮለው እጇን ሰነዘረች፤ ፊቱ ጋ አልደረሰችም። በያጁ ጎንበስ ሊልላት ሲል «እንዳትጎነበስ!» ብላ ጮኸችበት፤ እሱም እንደተገተረ ቀረ። የደረሰችበት ደረቱ ላይ ነው። ጨብጣ በቡጢ መታችው።

«ልጄን!»

ደግማ መታችው።

«ልጄን!»

ሦስተኛውን ስትሰነዝር ጭብጧ መንገድ ላይ ተፈታ፤ መዳፏ ደረቱ ላይ አረፈ። ጣቶቿን ዘርግታ ጫን አደረገቻቸው፤ ከእጇ በታች የሚመታውን ልብ እያዳመጠች አላነሳቻቸውም።