ፋይካ የተባለው ሰውዬ

“ሰርዝልኝ፤ ጡረታውን ትቼዋለሁ” አሉ ወይዘሮ ከበቡሽ፣ ገና ወንበር ሳይዙ። ኖላዊ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ቢሮ ከፍቶ ታክሳቸውን የሚሞላላቸው ሰው ነው፤ የጡረታ ማመልከቻቸውን ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ ይጠብቃቸው ነበር።

ጉዱ የመጣው ከሥራ ቦታ ነው። እዚያው አጠገብ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ባለ ሆቴል ሃያ ሁለት ዓመት አልጋ ሲያነጥፉ ጉልበታቸው አልቋል፤ ሐኪሙም በቃዎት ካላቸው ሰነበተ። ትናንት ግን አብራቸው የምትሠራው አፀደ፣ መንግሥት ከጡረታ ላይ ሰማንያ አምስት ፐርሰንት ታክስ ይወስዳል ብላ እንቅልፍ ነሳቻቸው። ልጅ የላቸው፣ ጧሪ የላቸው፤ በቀረችው አስራ አምስት እጅ ምኑ ቤት ኪራይ ይከፈላል?

“እግዜር እንኳ የጠየቀን አስራት ነው” አሉ። “እየተጎተትኩም ቢሆን እሠራለሁ።”

ኖላዊ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ቀስ ብሎ አስረዳቸው። ሰማንያ አምስቱ የሚወሰደው ሳይሆን፣ ታክስ ሲሰላ ቢበዛ ከጡረታው እንደ ገቢ የሚቆጠረው ድርሻ ነው፤ ታክሱ ከዚያ ላይ ጥቂት እጅ ብቻ ነው፤ እሱም ሌላ ገቢ ላለው ሰው።

“እንዲያውም የፌዴራል ታክስ የሚደርስብዎት ደሞዝና ጡረታ አንድ ላይ ሲያገኙ ነው” አለ። “ሥራውን ትተው በዚህችው ጡረታ ብቻ ከኖሩ ምንም አይጠይቅዎትም። የሚኖሩበት ሜሪላንድም ሶሻል ሴኩሪቲ በሚሉት በዚህ ጡረታ ላይ ታክስ የለውም።”

“ከየት አምጥተው ነው ታዲያ የሚሰጡኝ?”

ኖላዊ ከፋይላቸው ውስጥ ፔይ ስተብ የሚሉትን የደሞዝ ወረቀት አውጥቶ አንዷን መስመር በጣቱ ነካ። ፋይካ ትላለች። ፋይካንማ በደንብ ያውቁታል! የሆቴሉ ሒሳብ ሹም ስም መስሏቸው፣ ከደሞዛቸው በቆረጠ ቁጥር ሲራገሙት የኖሩት ሰውዬ ነው።

“ይሄ ከደሞዝዎ እየተቆረጠ ለእርስዎው ጡረታ ሲከፈል የነበረ ታክስ ነው” አለ ኖላዊ። “አሠሪዎም ያንኑ ያህል ሲከፍልልዎት ኖሯል።”

ወይዘሮ ከበቡሽ ወረቀቱን ተቀብለው መስመሯን ጠጋ ብለው አዩአት። እሳቸው ጎንበስ ብለው የሰው አልጋ ሲያነጥፉ፣ ጨርሶ በማያውቁት ቦታ አንድ ወረቀት ላይ ስማቸው ሲጻፍ፣ አንድም ዓመት ሳይዘለል! የማንም አገር መንግሥት እንዲህ ያስበኛል ብለው አያውቁም።

“ለካ እኔ ስረግመው እሱ ሊጦረኝ ኖሯል” አሉ፤ እንባቸው መጣ፤ አላፈሩበትም።

ስልካቸው ጮኸ። የሆቴሉ ሱፐርቫይዘር፣ አለቃቸው ናት፤ እሑድ ሰው ጎድሎባታል፣ ይመጡ እንደሆነ ጠየቀች። በሃያ ሁለት ዓመት እሺ ያላሏት ቀን የለም።

“ኖ” አሉ ወይዘሮ ከበቡሽ። ስልኩን ዘግተው፣ ኖላዊን ከሚመጣው ወር ብለህ ሙላው አሉት።