የአክሊል መርዶ

ጥር አሥራ ስምንት ቀን፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ባሕር ማዶ፣ ሜፕልዉድ በተባለ ከተማ ያለውን የማዕዶትን በር አንኳኩ። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ብርድ ተሰብስቦ የመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ማንም ሐበሻ ያውቃል። የእናቷን ወንድም ጋሽ ኃይሉን ከፊት ስታየው፣ ገና አፉን ሳይከፍት፣ “እናቴን!” ብላ ጮኸች።

እናቷ አዲስ አበባ ያረፈችው ሐሙስ ነበር። “ጌታ ያጽናሽ” እያሉ ደግፈው አስቀመጧት። አልቅሳ አልቅሳ ትንፋሽ ስታገኝ፣

“ለአክሊልስ ማን ሄደ?” አለች።

ማንም አልሄደለትም።

አክሊል ታናሽ ወንድሟ ነው። በከባድ የአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ሲመላለስ ከርሞ፣ ሮቢንስዴል ካለ የማገገሚያ ቤት ከገባ ዓመት ሊሞላው ነው። እንደ እሱ የታመሙ ጎልማሶች አብረው እየኖሩ፣ ማብሰሉን፣ መድኃኒት በሰዓቱ መውሰዱን፣ በአውቶቡስ ደርሶ መመለሱን እንደገና ይለማመዱበታል። በሚቀጥለው ወር የራሱን አፓርታማ ሊገባ ተፈቅዶለት ነበር።

“ለእሱ ይቆይ” አለ ጋሽ ኃይሉ። “ሲሻለው ቀስ ብለን እንነግረዋለን።”

“ተሽሎታል እኮ!”

“ሰው መሃል ቢጮህስ?” አለች የጸሎት ቡድኗ መሪ ፀጋ።

“ለቅሶ ቤት የማይጮኸው ማነው፣ እትዬ? አሁን እኔ ስጮህ ማን አፈረ?”

ነጠላዋን ካፖርቷ ላይ ጣል አድርጋ የመኪና ቁልፏን አነሳች። ጋሽ ኃይሉ “በዚህ ሁኔታሽ ድራይቭ አታደርጊም” ብሎ መሪውን ራሱ ያዘ። መንገዱን ሁሉ “እኔ የለሁበትም” ሲል ነበር።

ሲደርሱ አክሊል እንቁላል ይጠብሳል፤ ለቤቱ ቁርስ የመሥራት ተራው ነበር። ዓይኑ ከብዶታል፣ ምላሱም ተሳስሯል። ማዕዶት አቅፋው ነገረችው። መጀመሪያ ምድጃውን አጠፋ።

“መቼ?”

“ሐሙስ።”

“ሐሙስማ ደውዬላት ነበር” አለ ቃላቱን እየጎተተ። “ሰው ስልኩን አነሳና ዝም አለ። ከኋላ ‘ወይኔ እህቴ!’ እያሉ ሲያለቅሱ ሰማሁ። ከዚያ ተዘጋ።” ወደ አጎቱ ዞረ። “ወዲያው ለአንተ ደወልኩ። ምን አልከኝ፣ ጋሼ?”

ጋሽ ኃይሉ ወደ በሩ ፈቀቅ አለ።

“‘ማንም አላለቀሰም፣ በሽታህ ነው’ አልከኝ።”

“መርዶ በስልክ አይነገርም ብዬ እኮ ነው፣ ልጄ...”

“አመንኩህ። ድምፅ መስማት ጀመርኩ ብዬ ለዱረቲ ነገርኳት። መድኃኒቴን ጨመሩልኝ። አፓርታማውም ይቆይ ተባለ።”

የዕለቱ ተረኛ ሠራተኛ ዱረቲ በሩ ላይ ቆማ ነበር። “ዋቃ ኮ!” ብላ አምላኳን ጠራች በኦሮምኛ፣ አፏን በእጇ ይዛ።

ማዕዶት እንባዋ ደረቀ። ወንድሟ ዓመት ሙሉ የተማረው እውነተኛውን ድምፅ ከሕመሙ መለየት ነበር። ለይቶም ነበር። በትክክል የሰማውን ጆሮ መልሶ ያሳመመው ጤነኛው ሰው ነው፤ ያውም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ!

“ንገራት” አለችው አጎቷን፣ ወደ ዱረቲ እየጠቆመች።

“ምን ብዬ?”

“‘ዋሽቼዋለሁ፣ ልጁ የሰማው እውነት ነው’ በላት። ለሐኪሙም ትደውልልሃለች፤ ደግመህ ትነግረዋለህ።”

“ለደግ ብዬ እኮ ነው! ደግሞ ለፈረንጅ ምኑን አስረዳዋለሁ? ነይ እንሂድ፣ ቤትሽ በለቀስተኛ ሞልቷል።”

“ይጠብቃ!”

ወንበር ስባ ከአክሊል ጎን ተቀመጠች። ጋሽ ኃይሉ በሩን አየ፣ እሷን አየ፤ ወንበሩን ሁለት እጇ ጭምድድ አድርጎ ይዞታል። ኮፍያውን አውልቆ ወደ ዱረቲ ዞረ፤ ነገራት።

አክሊል በለቅሶው ሦስቱንም ቀን ከእህቱ ጎን ተቀመጠ። መድኃኒቱ ግን ተመልሶ የተስተካከለው ከሳምንታት በኋላ ነው። አፓርታማውም ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ስለነበር፣ ሌላ እስኪገኝ እስከ ሰኔ ጠበቀ።