የውሸት ጠቡ ምስክሮች

ሲስተር በድህነት ለመኖር ቃል ገብተው የመነኮሱ ሴት ናቸው፤ አልጋቸው ሥር ግን አሥራ አራት ካርቶን ወረቀት ነበራቸው። የገዳሙ አለቃ በየዓመቱ «ይሄ እኮ አይጥ ይፈለፍልብናል» ይሏቸዋል። እሳቸውም በየዓመቱ «አይጥም መማር አይከለከልም» ብለው ይመልሳሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ታሪክ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል። ተማሪዎቻቸው ያወጡላቸው ቅጽል ስም «ሲስተር ማስረጃ» ነው፤ ያውቁታል፤ ደስም ይላቸዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት በራቸውን አንኳኳችና የጥርስ ሐኪም መሆኗን ተናገረች። ሲስተር መጀመሪያ ያደረጉት ነገር አፋቸውን በእጃቸው መከለል ነበር። ፊት ለፊት ሁለት ጥርስ ጎድሏቸዋል።

«ለጥርስዎ አይደለም የመጣሁት» አለች ሴትዮዋ ፈገግ ብላ። «እናቴ ተማሪዎ ነበረች። እኔን ስትወልድ ነው የሞተችው።» የእናቷን ስምና የተማረችበትን ዓመት ነገረቻቸው።

ሲስተር ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡ፣ አሰቡ፤ ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። «ውሸት አልነግርሽም ልጄ፤ አላስታውሳትም።»

ሐኪሟ የሰማች አትመስልም፤ የመጣችበትን መናገር ቀጠለች። ያሳደገቻት አክስቷ ባለፈው ወር ሲጣሉ አንድ ነገር ከአፏ አምልጧታል። «እናትሽ እኮ አንቺን ካረገዘች ጀምሮ እስክትሞት እንዳለቀሰች ነው። አልፈለገችሽም።» አክስቲቱ ወዲያው ብትጸጸትም ቃል ከወጣ አይመለስም። ከዚያ ወዲህ ሐኪሟ ልቧ አላረፈም። የእናቷን የክፍል ጓደኛ አፈላልጋ ብትጠይቅ፣ ሲስተር አንድ ቀን ሁሉንም አጽፈዋቸው ያልመለሱላቸው ወረቀት እንደነበረ ሰማች።

«ፈልጋኝ ነበር ወይ? ሌላ ጥያቄ የለኝም» አለች።

ሲስተር አፋቸውን መከለላቸውን ረሱት። ሰማንያ አንድ ዓመት ሞልቷቸውም ጥያቄ ሲያገኙ ጉልበታቸው ይታዘዝላቸዋል፤ ተንበርክከው ካርቶን መጎተት ጀመሩ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» እያሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየዓመቱ፣ አዲስ ተማሪዎች በገቡ በሁለተኛው ሳምንት፣ የግቢው አናጺ ትምህርቱ መሀል ዘው ብሎ ይገባና «ወንበሬን ማን ፈቅዶልሽ ወሰድሽ?» ብሎ ይጮኽባቸዋል። ሲስተርም ይጮኻሉ። አናጺው ወንበሩን አንጠልጥሎ በሩን ድርግም አድርጎ ይወጣል። ከዚያ ሲስተር ወደ ተማሪዎቹ ዞረው «አሁን የሆነውን ሁሉ ጻፉ» ይላሉ። ጠቡ የውሸት ነው፤ አንድ ነገር ያዩ ምስክሮች እንዴት የተለያየ ነገር እንደሚናገሩ ለማሳየት ነው፤ አናጺው ጎበዝ ተዋናይ ነበር። አለቃዋ «ይሄ ኃጢአት አይሆንም?» ቢሏቸው፣ «በየዓመቱ እናዘዝበታለሁ፣ በየዓመቱ እደግመዋለሁ» ብለው ነበር።

እናቲቱ የተማረችበት ዓመት ጥቅል በሲባጎ ታስሮ ተገኘ፤ ሠላሳ ስምንት ወረቀት። ሐኪሟ ቀኑን አይታ በጣቷ ቆጠረች። «ከዚህ አምስት ወር በኋላ ነው የተወለድኩት።»

አልጋው ላይ ዘርግተው ተካፍለው ያነቡ ጀመር። አንዱ አናጺው መዶሻ ይዞ ነበር ይላል፣ አንዱ መጥረጊያ። አንዷማ ሲስተርን በጥፊ መታቸው ብላ ጽፋለች፤ ሲስተር ከት ብለው ሳቁ። አምስት ተማሪዎች ደግሞ መስኮቱ አጠገብ ስለተቀመጠች ልጅ አንድ አንድ መስመር ጽፈዋል። ስሟን የጠሩት ሁለቱ ናቸው፤ የሐኪሟ እናት ነበረች። አንዱ «ፈርታ ሆዷን ያዘች» ይላል። ሁለቱ «ስታለቅስ አየኋት» ይላሉ። አንዷ «በሰው ጠብ ትስቅ ነበር፤ አስተዳደግ የላትም» ብላለች። አምስተኛው የጻፈው ስለ ሹራቧ ቀለም ብቻ ነው።

«ሆዷን ይዛ ታለቅስ ነበር» አለች ሐኪሟ ቀስ ብላ። «አክስቴ እውነቷን ነው።»

«ቆይ እንጂ፤ የራሷን ገና አላነበብንም» አሉ ሲስተር።

የራሷ ከጥቅሉ ሥር ነበር። ሲስተር ቀድመው አነሡትና ዓይናቸው መጀመሪያ ያረፈው በራሳቸው ቀይ ቀለም ላይ ሆነ። አነበቡት። ፊታቸው ጋለ። ወረቀቱን ከቀሚሳቸው ኪስ ከተው «የእሷስ ጠፍቷል» ማለት ለአንድ አፍታ አማራቸው። በሕይወታቸው ማስረጃ ለመደበቅ ያሰቡት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ወዲያው አፈሩና ሰጧት።

የእናቲቱ ጽሑፍ አጭር ነበር።

«ሲስተርና ሰውየው ሲጣሉ አልሰማኋቸውም። ልክ በዚያን ሰዓት ልጄ ሆዴ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተንቀሳቀሰ። በጣት መታ መታ ያደረገኝ መሰለኝ። እንዳይተወኝ ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣብኝ፤ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ቤተሰቦቼ ሲሰሙ ብዙ ለቅሶ ይጠብቀኛል፤ ልጄን ግን ለማንም ብዬ አልሰጥም። ዛሬ በዚህ ክፍል የሆነው ትልቁ ነገር ይህ ነው። ለማንም እንዳይነግሩብኝ አደራ።»

ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ፣ በወጣት አስተማሪ ቀጥ ያለ ጽሕፈት፣ እንዲህ ይላል፦ «ዜሮ። ከጥያቄው ውጪ ነው። ሌላ ምስክር የሌለው ነገር ታሪክ አይባልም።»

ሐኪሟ አንብባ ጨረሰችና እንደገና ከላይ ጀመረች። ሲስተር አልጋው ጫፍ ላይ አጠገቧ ተቀመጡ።

«አደራዋንስ ጠብቄላታለሁ፤ በመርሳት ይሁን እንጂ» አሉ። «ዜሮው ግን የኔ ጥፋት ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ሌላውን መርምር ስል ከርሜ የራሴን ሳልመረምር ቀረሁ።»

«ምን ተሳሳቱ? ማን ሊያይላት ይችል ነበር?»

ሲስተር እጇን ያዙት።

«ምስክርማ ነበራት ልጄ» አሏት። «አንቺ እዚያው ክፍል ነበርሽ።»