ክፍል አሥራ ሁለት ውስጥ የሞተው ቀልድ

መምህር ዘመንፈስቅዱስ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ዘመናዊውን የአሜሪካ ልብ ወለድ ማስተማር ከጀመረ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ክፍል ቁጥር አሥራ ሁለት ውስጥ ቆሞ ስለ ሽሙጥ ጽሑፍ የሚያነበው ማስታወሻ ግን አንድም ቀን አልተቀየረም። «ሽሙጥ ሰባት ባሕርያት አሉት» ብሎ ይጀምራል፤ ተማሪው ይጽፋል፤ የሚስቅ የለም።

በዚያ ሴሚስተር የቤት ሥራ ሰጠ፦ የአሜሪካ ደራሲዎች አንዱን ታሪክ በደብዳቤ፣ በማስታወቂያ፣ በቃለ ጉባኤ እየቀላቀሉ የሚጽፉት ለምንድን ነው? ተማሪው ሁሉ የሱኑ ሰባት ነጥብ ገልብጦ መለሰለት። ሩቂያ የምትባል ከኋላ የምትቀመጥ ዝምተኛ የጨለለቅቱ ከተማ ልጅ ብቻ ሌላ ነገር ይዛ መጣች።

ወረቀቷ የሚጀምረው በሐዘን ማስታወቂያ ነበር። «በክፍል አሥራ ሁለት ለረጅም ጊዜ ሲታመም የቆየው ቀልድ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል።» ቀጥሎ የእድር ቃለ ጉባኤ መጣ፦ «ማንም ለቀስተኛ እንዳይስቅ በአንድ ድምፅ ተወሰነ፤ ፈገግ ያሉ አንድ አባል ተገሠጹ።» መጨረሻው የሐኪም ማስረጃ ነው፦ «የሞት ምክንያት፦ ከመጠን ያለፈ ማብራሪያ። ሟች ሰባት ቦታ ተወግቷል።»

ዘመንፈስቅዱስ ፊቱ ጋለ። ባልደረቦቹ እንዳያዩበት ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ልጅቷን አስጠራት።

«ወጊው እኔ ነኝ?» አላት ገና ከመግባቷ።

ሩቂያ መሬት መሬቱን አየች። «ይቅርታ መምህር… አዎ።»

«ፊት ለፊት ብትነግሪኝስ?»

«እንዴት ብዬ? ‹ትምህርትዎ ይሰለቻል› ልበልዎት? እድሩ ሲናገረው ግን ቀለለኝ።» ድምፅዋ ሰለለ። «መጽሐፎቹን እኮ እወዳቸዋለሁ። ዶርም ውስጥ ሳነብላቸው ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ነው የሚስቁት። መጽሐፎቹ የሚሞቱት እዚህ ስንመጣ ነው።»

ተማሪ ሳለ እነዚያኑ መጽሐፎች ካፌ ተቀምጦ ሲያነብ ብቻውን ይስቅ ነበር፤ አስተናጋጇ «ምን ነካው?» ብላ ታየው ነበር። ያ ልጅ መቼ እንደጠፋ አላወቀም።

«ነገ አነበዋለሁ» አላት።

«ለማን?»

«ለክፍሉ።»

«ኧረ በአላህ መምህር!»

በማግስቱ ቆሞ አነበበው። ሐዘን ማስታወቂያው ላይ ተማሪዎቹ መሳቅ ያስቀጣ እንደሆነ እየፈሩ ተያዩ። እድሩ ላይ ሲደርስ የገዛ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ የሐኪሙን ማስረጃ ሳይጨርስ ሳቁ አመለጠው። እስክንድር የሚባል ተማሪ ዴስኩ ላይ ተደፋ፤ ከዚያ በኋላ ማን ማንን ይያዝ! ሩቂያ ፊቷን በሻሿ ጫፍ ሸፍና ትስቃለች፤ እንባዋም ይወርዳል።

ከሃያ አሥራ ሰባት ሰጣት። «የሐኪሙ ክፍል ረዘመ» አላት።

«ሬሳ ሲመረመር ጊዜ ይወስዳል» ብላ ተከራከረችው። አልጨመረላትም።

የሚቀጥለው ሳምንት ማስታወሻውን ትቶ ባዶ እጁን ገባ። ትምህርቱ አልሰመረለትም፤ ሁለት ጊዜ የሚናገረው ጠፋበት፤ የአንዱን ገጸ ባሕርይ ከሌላው አምታታ። ተማሪዎቹ ያርሙት ጀመር። አንዱ ሲያርም ሌላው ሲቃወም ሰዓቱ አለፈ፤ ቀጣዩ መምህር በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ያየው አልነበረም።