የመፍጫው ደብተር

«ስምንት ብለሻል» አለ ሃርም። «አሁን፣ እዚሁ ቆመሽ፣ ስምንት ብለሻል።»

«ብያለሁ። ታዲያ ምን ይጠበስ?»

«እስቲ ድገሚና ቅመሺው።»

«ቀመስኩት አልኩህ እኮ። ወደድኩት። በዚህ ቤት ቡና ወደድኩ ያለ ሰው ፖሊስ ጣቢያ ይቀርባል እንዴ?»

አልትየ ጀርባዋን ሰጥታው የፖም ኬኩን ከመጋገሪያው ቆርቆሮ ለማላቀቅ ዳር ዳሩን በቢላ ትዞራለች። ዛሬ ስልሳ ስምንት ዓመት ሞላት። እንግዶቹ ሊመጡ አንድ ሰዓት እንኳ አልቀረም፤ ሳሎን ውስጥ ወንበሮቹ ከትናንት ጀምሮ ክብ ሠርተው ተደርድረዋል።

ሃርም ትንሿን ሲኒ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳት። የቀረው ፈሳሽ ከመቅጠኑ የተነሳ የሲኒዋ ታች ይታያል። እንደገና ቀመሰው። ዕቃ የታጠበበት ውሃ ይመስላል፤ ሙቅ፣ ኮምጣጣ፣ ባዶ።

«ይኼ ቡና አይደለም» አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ጠዋት መፍጫውን ፈትቼ ስገጥመው ቀለበቱን በአንድ ሙሉ ዙር አሳስቼዋለሁ። ፍሬው ተሰባበረ እንጂ አልተፈጨም። ሃያ ስምንት ሰከንድ መውሰድ የነበረበት ውሃ በስምንት ሰከንድ አልፎታል፤ ይኸው ሚዛኑ ላይ ያለው ሰዓት። ውሻ እንኳ አይጠጣውም።»

«እንግዲያው እኔ ከውሻ አነስኩ።»

«እንደዚያ አላልኩም።»

«ብለሃል እንጂ። ለልደቴ።»

መፍጫው በሁለቱ መካከል ጠረጴዛው ላይ ቆሟል። ከአንድ ክንድ ግማሽ የማይበልጥ የብረት በርሜል ነው፤ ከላይ ረጅም የመዞሪያ እጀታ፣ ከታች ዱቄቱ የሚጠራቀምበት ኩባያ አለው። ሃርም ከሦስት ዓመት በፊት ከመርከብ ጥገናው ግቢ ጡረታ ሲወጣ የሥራ ባልደረቦቹ የሰጡት ስጦታ ነበር። እዚያ ግቢ ውስጥ ለአርባ ዓመት የመርከብ መዘውር ዘንጎችን ሲያስተካክል ኖሯል፤ የፀጉር ውፍረት የማታህል መዛነፍ በጣቱ ጫፍ ያውቃል። ይህን እጀታ ለመጀመሪያ ጊዜ ባዞረ ዕለት ዘንጉ እንደሚዋልል ተሰማው። በአንድ በኩል ጥርሶቹ ይፋተጋሉ፣ በሌላው በኩል ይራራቃሉ፤ ስለዚህ ቡናው ግማሹ ዱቄት፣ ግማሹ ጠጠር ሆኖ ይወጣል። ለተራ ቡና ችግር የለውም። ለኤስፕሬሶ ግን ውሃው ቀዳዳ አግኝቶ ያመልጣል።

ጥርሶቹን በጥቁር ማርከር ቀባቸው፤ አዞረ፤ ቀለሙ የተፋቀበትን ጎን አየ፤ በወዲያኛው ጎን ሥር እንደ ጥፍር ቁራጭ የቀጠነች የአልሙኒየም ፎይል ሸጎጠ። ገጠመ፣ ፈጨ፣ እንደገና ፈታ። በዚህ ክረምት ነገሩ የዕለት ሥራው ሆነ። ምን እንደቀየረ ሳይነግራት ሲኒውን ለአልትየ ያቀርብላታል፤ እሷ ከአሥር ነጥብ ትሰጣለች፤ እሱ ደብተር ላይ ይጽፋል፦ ቀኑን፣ የቡናውን ክብደት፣ የፎይሉን ብዛት፣ ሰከንዱን፣ በመጨረሻው ዓምድ የእሷን ቁጥር። የራሱን ምላስና አፍንጫ አያምናቸውም፤ የግቢው የብየዳ ጭስ ጨርሷቸዋል። የእሷን አፍንጫ ግን እንደ ግቢው መለኪያዎች ያምነዋል። አልትየ ወደብ መንገድ ላይ ባለው ዳቦ ቤት ሠላሳ ዓመት ስትሠራ ሰዓት አይታ ምድጃ ከፍታ አታውቅም፤ ሽታው ይነግራት ነበር።

«ስልክ ላይ ነበርኩ» አለ ሃርም በዝግታ። «ልጅሽ ማሪት ደውላ፣ ኮሪደሩ ላይ ጀርባዬን ሰጥቼሽ ነው የቆምኩት። የቡና ማሽኑን ያጠፋሽው አንቺ ነሽ።»

አልትየ ቢላውን አስቀመጠች።

«ሌላ ቀን ከፊትሽ ነው የምቆመው» አለ።

እጆቿን በፎጣ ጠረገች፤ ደረቅ ነበሩ፣ ቢሆንም ጠረገቻቸው። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ከገና በፊት ጀምሮ ምንም አይሸተኝም» አለች። «ጣዕሙም አብሮት ሄደ። ትኩስ መሆኑን አውቃለሁ። መምረሩንም፣ ትንሽ። ሌላው የለም።»

«ያኔ ጉንፋን ይዞሽ ነበር።»

«ጉንፋኑማ ለቀቀኝ።»

«ነጥቡስ ታዲያ? ሰማንያ አራት ቀን ሙሉ ነጥብ ሰጥተሽኛል። ተመልከቺ፣ ሰባት፣ ስድስት፣ ሰባት ተኩል። ተኩሉን ከየት አመጣሽው?»

«ከፊትህ።»

«ከምን?»

«ቡናው ሲወርድ ጎንበስ ብለህ ታየዋለህ። ደስ ሲልህ ከንፈርህን ወደ ውስጥ ትሰበስባለህ፤ ያኔ ስምንት እልሃለሁ። በአፍንጫህ ስትተነፍስ ስድስት። አንዱ ቅንድብህ ብቻ ከተነሳ ተኩል እጨምራለሁ። ዛሬ ፊትህን አላየሁትም። ልደቴ ነው ብዬ ስምንት አልኩ።»

ሃርም ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጠ። ፎይሉ ከሁለት ወደ ሦስት፣ ከሦስት መልሶ ወደ ሁለት፤ በጃንዋሪ መጨረሻ ደግሞ ጭራሹን ሌላ ጎን ላይ። ሁሉንም የወሰነው የመጨረሻውን ዓምድ አይቶ ነው። ሦስት ወር ሙሉ የገዛ ፊቱን ሲለካ ኖሯል። ሳቅ ሊመጣበት ጀምሮ ቀረ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እናቴም በአፍንጫዋ ነው የጀመራት።»

ሃርም ያስታውሳል። አንድ ቀን የአማቱን ቤት በር ከፍቶ የገባው እሱ ነበር። ወጥ ቤቱ በጭስ ተሞልቷል፤ ወተቱ አርሮ ድስቱን በልቶታል፤ አማቱ ግን ከምድጃው ሁለት እርምጃ ርቃ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች። «ደህና መጣህ ሃርም፣ ምን እግር ጣለህ?» ነበር ያለችው። ያኔ ስሙን ታውቅ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን አረጋውያን መጦሪያ ሆና የገዛ ልጇን፣ አልትየን፣ «እህቴ፣ ከየትኛው ክፍል ነሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ሁሉም እንደዚያ አይሆንም» አለ። «ከጉንፋንም ይሆናል። ስንት ሰው ነው እንዲህ ሆኖ የዳነ።»

«ይሆናል።»

«ሰኞ ሐኪሙ ጋ እደውላለሁ።»

«ደውል። ምን ያደርግልኛል? ፎይል ይሸጉጥልኛል?»

የሃርም እጆች ሳያዛቸው መፍጫውን አንስተው መፍታት ጀምረዋል። ቀለበቱን ጥርስ ከጥርስ እስኪነካካ አጠበቀው፤ ከዚያ ወደ ኋላ እየመለሰ ድምፁን ቆጠረ፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። በዚህ ጊዜ ሁለቴ ቆጠረ። አልትየ እጆቹን ታያለች፤ አልተቆጣችም።

«ለማሪት ዛሬ እንዳትነግራት» አለች። «ነገ ራሴ እነግራታለሁ። ዛሬ ኬኬን በሰላም ልብላ።»

ቀድመው የመጡት ጎረቤቶቻቸው ሮልፍና ዲኒ ነበሩ፤ ቀጥሎ ማሪት። ሮልፍ እንደ አገሩ የልደት ደንብ የወንበሮቹን ክብ ዞረ፤ የአልትየን ጉንጭ ሦስት ጊዜ ሳመ፤ «እንኳን ለሚስትህ ልደት አደረሰህ» ብሎ ሃርምን ጨበጠ፤ «እንኳን ለእናትሽ» ብሎ ማሪትን ጨበጠ፤ የቀረ ሰው ሲያጣ ወደ ራሱ ሚስት ዞሮ «እንኳን ለጎረቤትሽ» አላት።

«ተቀመጥ አንተ» አለችው ዲኒ። እሷ በሸክላ የተተከለ ሐምራዊ ሃያሲንት ይዛ ነበር። አበባውን ከአልትየ አፍንጫ ሥር አቀረበችላት። «አሽትቺው እስቲ። ትናንት ኮሪደር አስቀምጬው ፎቅ ድረስ ሸተተን።»

አልትየ ዓይኗን ጨፈነች፤ በረጅሙ ሳበች፤ ትንሽ ያዝ አድርጋ ለቀቀችው።

«እንዴት ደስ ይላል» አለች።

ሃርም በሩ ላይ ቆሞ አያት። በጣም አሳምራ ነበር ያደረገችው። ስንት ጊዜ ብታደርገው ነው እንዲህ የለመደችው ብሎ አሰበ።

ኬኩ ተቆረሰ። ማሪት አንድ ጉርሻ በልታ ቆም አለች፤ ሳህኗን አየችው።

«እማ፣ ቀረፋውን ረሳሽው እንዴ?»

ይህን ኬክ አልትየ ከአርባ ዓመት በላይ ጋግራዋለች። ሃርም ቀና ብሎ ፊቷን አነበበ፤ ረስታው ይሁን አይሁን እሷም አታውቅም። ሹካዋ አየር ላይ ቀርቷል።

«እኔ ነኝ እንዳትጨምሪ ያልኳት» አለ። «ቀረፋ ቡናዬን ይሸፍንብኛል።»

«ይኸው እንግዲህ» አለ ሮልፍ፣ ጭኑን መታ አድርጎ። «ኬኩም ከመፍጫው ፈቃድ መጠየቅ ጀመረ። አልትየ፣ እኛ ቤት ትርፍ ክፍል አለ፤ ከበዛብሽ ነይ።»

«እናንተ ቤት የቡናችሁ ነገር ያስፈራኛል» አለች አልትየ፤ ሁሉም ሳቁ።

«እኛ አንድ ቁልፍ ነው የምንጫነው» አለ ሮልፍ። «አርባ ሰከንድ። ሃርም አንዷን ሲኒ እስኪፈጭ እኔ ጠጥቼ፣ ሽንት ቤት ደርሼ እመለሳለሁ።»

«ያንተን ቡና ጠጥቼዋለሁ» አለ ሃርም። «በቀጥታ ሽንት ቤት ብትወስደው ይሻል ነበር።»

ፈጨላቸው። መፍጫውን ከሆዱ አስጠግቶ፣ ለእያንዳንዱ ሲኒ ሰማንያ ዙር። ቡናው እንደ ማር እየተጎተተ ወረደ፤ ሃያ ሰባት ሰከንድ፣ ሃያ ስምንት፣ ላዩ ላይ ወርቃማ አረፋ። ዘንጉ አይዋልልም። ጥርሶቹ ዙሪያውን እኩል ይነካካሉ። ከሦስት ዓመት ልፋት በኋላ መፍጫው ደርሷል፤ ይህንን የሚነግረው ሰው ፈለገ።

«ነጥብ ሳይሰጥ አንጠጣም» አለ ሮልፍ። ነገሩን የማያውቅ ጎረቤት አልነበረም። ማሪት ከወጥ ቤት ደብተሩን ከነእስክሪፕቶው አመጣችና ለአባቷ ሰጠችው።

«እማ፣ ፍረጂ። አባዬ በጉጉት ሳይታመም በፊት።»

አልትየ ፉት አለች። ሲኒውን ዝቅ አድርጋ፣ በክቡ መካከል አሻግራ ሃርምን አየችው።

የት እንደምታይ አወቀ። ፊቱን ምን እንደሚያደርገው ጠፋው። በስልሳ ዘጠኝ ዓመቱ ፊት እንዳለው ያስታወሰው ገና አሁን ነው፤ ከበደው። ከዚያ ከንፈሩን ወደ ውስጥ ሰበሰበ፤ ሆን ብሎ፣ ልጅ ፊደል እንደሚገለብጥ በጥንቃቄ፤ በደንብ እንድታየው ትንሽ አቆየው።

«ስምንት» አለች።

«ተኩል አትጨምሪለትም?» አለች ዲኒ። «ደከመ እኮ።»

«ተኩሉ ለሚመጣው ዓመት ይቆየው።»

ሳቁ። ሃርም እስክሪፕቶውን ወስዶ ስምንት ቁጥርን ጻፈ፤ ቀደም ብሎ ከጻፈው ስምንት ሥር፣ ተመሳሳይ አድርጎ። ማሪት ከትከሻው በላይ አይታ «ሁለት ስምንት በአንድ ቀን፣ እንኳን ደስ አለህ» አለችው።

«አመሰግናለሁ» አለ።

ሁለተኛ ዙር ሊፈጭ ወደ ወጥ ቤት ገባ። ፍሬውን መዘነ፤ ጨመረ፤ ማዞር ጀመረ። ቁጥሩን በልቡ ይይዛል። ከተጀመረ ሰማንያ ሳይሞላ እጅ አይነሳም፤ ይህ የራሱ ሕግ ነበር፣ ማሪትን ሳይቀር ተቆጥቷታል። ከሳሎን የማሪት ድምፅ ይመጣል፤ ከላይዋ ፎቅ ላይ ስላለው ከበሮ የሚመታ ተከራይ እያወራች ነው። ሮልፍ ከበሮውን በአፉ ይመታላታል።

በመስኮቱ በኩል የጓሮው አጥር ይታያል፤ ከአጥሩ ጀርባ የባሕሩ ግድብ፣ ሣር የለበሰ፣ በጎች የተበተኑበት። ሠላሳ ስድስት ላይ ሲደርስ አልትየን የግድቡ ደረጃ ላይ አያት። የውጭ በሩ ሲዘጋ አልሰማም። ካፖርቷን ደርባለች፤ አልቆለፈችውም፤ አንገቷ ባዶ ነው። ሳሎን ውስጥ የት ሄደች ያለ የለም።

ባሕሩ እንደ ዕለት ልማዱ ሸሽቶ፣ የታችኛው ጭቃ ተገልጦ ነበር። ባሕሩ በሸሸ ሰዓት ጭቃው እንዲህ ይሸታል፤ ጨው፣ ዛጎል፣ የበሰበሰ ሣር። ገርበብ ባለው መስኮት በብየዳ ጭስ ያለቀው የሃርም አፍንጫ እንኳ አገኘው። አልትየ ግድቡ አናት ላይ ደርሳ ቆመች። ፊቷን ወደ ነፋሱ አዞረች፤ አገጯን ቀና አደረገች፤ ቆየች። ሰው ደጅ ላይ አንኳኩቶ እስኪከፈትለት እንደሚጠብቅ ነበር የቆመችው። ከዚያ አገጯ ወረደ፤ ወደ ወደቡ በኩል መራመድ ጀመረች፤ አንድ በግ ከመንገዷ ተነሳላት።

ሃርም አርባ አንድ ላይ ቆመ።

መፍጫውን ከነፍሬው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከማንጠልጠያው የእሷን ሻርፕ አወረደ፤ የጓሮውን በር ከፈተ፤ በቤት ጫማው ወጣ።

ሳሎን ውስጥ ዲኒ የመጨረሻውን የኬክ ቁራጭ ማን እንደሚወስድ ትጠይቃለች። ሮልፍ፣ ማንም ከሌለ እኔ ራሴን እሠዋለሁ አለ፤ ማሪትም ሳህኑን አሳለፈችለት።