የእታለም ሳቅ ቦታ

እታለም ቀልድ ቶሎ አይገባትም ነበር። ወንድሟ ማይክሮፎኑ ላይ አፉን ሞልቶ ቀልዶ፣ እኔና እሱ ስቀን ስናበቃ፣ እሷ ከጥጓ ቁልፍ የምትተክልበትን ሸሚዝ ጭኗ ላይ እንደያዘች ሳቋን ትለቀዋለች። የፖድካስታችን አድማጮች የሚመጡት ላንተ ቀልድ ሳይሆን ለእህትህ ሳቅ ነው እያልኩ አበሽቀው ነበር። እሱም ለሳቋ ቦታ ሊተው ከእያንዳንዱ ቀልድ በኋላ ትንሽ ዝም ማለት ለመደ።

ሕመም አልጋ ላይ ሲጥላት ራሷ አዘዘችን።

"እስክነሳ የድሮ ሳቄን ክተቱበት፤ ሰው እንዳይደብረው።"

ድምፁን የማቀናብረው እኔ ነኝና ከቆዩት ዝግጅቶች ሳቋን እየቆረጥኩ ከተትኩ። አልተነሳችም። ከቀብሯ በኋላም አድማጮች "እታለም ዛሬ ደስ ብሏታል" እያሉ ይጽፉልን ነበር። ሞታለች ብሎ ለመናገር ያ ለፍላፊ ወንድሟ አንደበት አጣ፤ እኔም ሳቋን መክተቴን ቀጠልኩ።

ትናንት ልንቀርጽ ተቀመጥን። ስለ አከራዩ አንድ ቀልድ ጣለና እንደ ልማዱ ዝም አለ። ዝምታው ረዘመ። ዞሮ የእታለምን ጥግ አየ።

"እዚህ ጋ እህቴ ትስቅ ነበር" አለ ማይክሮፎኑ ላይ። "አሁን የለችም። ስትሰሙት የከረማችሁት ሳቅ የድሮ ነው። መናገር ፈርቼ ነው።"

ቀረጻውን ላቁመው ወይ ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠሁት። አላየኝም።

"መጨረሻ ላይ 'አታስቀኝ ወንድምዬ፣ ያመኛል' አለችኝ። ያሳደገችኝ እሷ ናት። ቀልድ ስከለከል ግን የምላት ጠፋኝ። ዝም ብዬ እግሯን ሳሻት ዋልኩ። እናቴ እኮ ነሽ እንኳ አላልኳትም።"

ከዚያ በኋላ የተቀረጸው ለቅሶው ነው። ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ፣

"ዝምታውን እንዳትቆርጠው" አለኝ።

የኔ እንጀራ ዝምታ መቁረጥ ነው። ዛሬ ጠዋት ላቀናብር ስቀመጥ፣ እጄ በልማድ የእታለምን ሳቅ ከአከራዩ ቀልድ በኋላ ከተተው። ከፈትኩት። እሷ ዘግይታ፣ ከልቧ ሳቀች። ከሳቋ ቀጥሎ የወንድሟ ድምፅ "እዚህ ጋ እህቴ ትስቅ ነበር" አለ።

አንድ ጊዜ ደግሜ ሰማሁትና ሳቋን አወጣሁት።