ከየቁጥሩ አሥር ይቀነስ

«መጋረጃ ሊቀይርላቸው ለክቶ ነበር» አለች እህቱ፣ አሁን ለገቡት ለቀስተኞች ባዶውን መስኮት እያሳየች። «አባባ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ‹ወንድምሽ መስኮቴን ለካው› አሉኝ፣ ደስ ብሏቸው። ምን ያደርጋል፣ አልደረሰላቸውም።»

«የተባረከ ልጅ» አሉ አንዲት ሴትዮ የሻይ ብርጭቋቸውን እንደያዙ። «በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ልጅ የት ይገኛል።»

ወንድምየው አንገቱን ደፋ። ሰዎቹ ያለቀሰ መሰላቸውና ዓይናቸውን ዘወር አደረጉለት። ከቀብሩ ሦስተኛው ቀን ነበር። ሦስቱንም ቀን ይህችኑ የመጋረጃ ወሬ ሲሰማ ነው የዋለው። ሳሎኑ ስለሞላ የአባቱ መኝታ ክፍልም ለለቀስተኛ ተከፍቷል። አልጋው ተነሥቶ ግድግዳ ተደግፏል፤ ትራሱ በነበረበት ቦታ የከሰዓቷ ፀሐይ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች። እዚያች ላይ የሚቀመጥ ሰው ጠፍቷል፤ ታቃጥላለች።

ነገሩ የተጀመረው እሱ ፀጉር አስተካካይ ሆኖ በሚሠራበት ሱቅ ነው። አንድ ደላላ ወንበሩ ላይ ተጋድሞ ጢሙን እያስላጨ፣ «አባትህ እንዴት ናቸው?» አለው።

«ሐኪሞቹ ቤት ውሰዷቸው ብለዋል።»

«እግዜር ይማራቸው። ቤቱ ስንት ካሬ ይሆናል?»

«እኔ እንጃ።»

ደላላው አረፋው አፉ እስኪገባ ሳቀ። «‹የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ› ነው ተረቱ። አንተ ስፋቱን እንኳ አታውቅም። እህትህ እዚያው አይደለች የምትኖረው? ነገ ‹ያስታመምኩት እኔ ነኝ› ብላ በሩን ስትዘጋብህ ምን ልትል ነው? ለክተህ አምጣልኝ፣ ዋጋውን እነግርሃለሁ።»

በማግስቱ እሑድ ነበር። እህቱ መድኃኒት ልትገዛ ስትወጣ ጠብቆ ከአባቱ የዕቃ ሳጥን ውስጥ ሜትሩን አወጣ። አባቱ አርባ ዓመት አናጢ ነበሩ። «ውሃ ልክ» ይሏቸዋል ጓደኞቻቸው፤ የተንጋደደ ነገር ሲያዩ ያማቸዋል። ሰው ቤት ተጋብዘው እንኳ፣ የሚነቃነቅ ጠረጴዛ ከገጠማቸው ወረቀት አጥፈው እግሩ ሥር ሳይወትፉ እህል በአፋቸው አይዞርም።

ሳሎኑን ለካ። ኮሪደሩን ለካ። ኩሽናውን ለካ። ቁጥሮቹን ባለቀ የመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ላይ ጻፈ። መጨረሻ ላይ አባቱ የተኙበት ክፍል በእግሩ ጣት ገብቶ ሜትሩን ከአልጋው ግርጌ ዘረጋ። ሲለቀው እየተንጣጣ ገባና ቀጭ አለ።

«ማነው?» አሉ አባቱ።

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«ምን ትለካለህ?»

ዓይኑ መስኮቱ ላይ አረፈ። «መጋረጃ ልቀይርልዎ ብዬ። ይሄ ነጥቷል።»

«መስኮቱ ሜትር ከሃያ ነው» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። ቀጥለውም፣ «የያዝከው የኔን ሜትር ነው?» አሉ።

«አዎ፣ አባባ።»

«እንግዲያው…» ብለው ሲጀምሩ ሳል አቋረጣቸው። ሳሉ ሲተዋቸው፣ «ይሁን፣ ግድ የለም» ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ውሸቱ እውነት እንዲመስል አሮጌውን መጋረጃ አውርዶ ይዞት ሄደ። አዲሱን ግን አልገዛም። ዛሬ ነገ ሲል አሮጌውም ሱቁ ውስጥ፣ ከመስታወቱ ሥር ተጠቅልሎ ቀረ። ፀሐይዋ ፊታቸው ላይ ስታርፍ እህቱ አንሶላ ልትሰቅል ብትነሣ፣ «ተዪው፣ ልጄ ያመጣል» ይሏት እንደነበር የሰማው ከቀብሩ በኋላ ነው። አሥራ አንድ ቀን ጠብቀውታል።

ለቀስተኛው ሳሳ ሲል የአባቱ የቅርብ ጓደኛ፣ ሽማግሌው ግንበኛ፣ ወንበራቸውን ወደ መሀል አቀረቡ። ከአባቱ የሥራ ጓደኞች ሁለት አናጢዎች ብቻ ቀርተዋል። ግንበኛው ከኮታቸው የውስጥ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

«ኑዛዜ ነው» አሉ። «ምስክሮቹም ፈርመውበታል። በሦስተኛው ቀን አንብብላቸው ብሎኛል።»

ልጁ ጉልበቱን በእጆቹ ያዘ። ሁሉን ለእህቱ ሰጥተውት በሆነ ብሎ ተመኘ። ያ ይቀለው ነበር።

«‹ቤቱ ለሁለቱ ልጆቼ እኩል ይሁን። ሴቷ ልጄ ከምትኖርበት እንዳትነሣ፣ የመሀሉን ግድግዳ አንተ ሥራላቸው።› እኔን ነው» አሉ ግንበኛው፣ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው። «‹ለመለካት አትድከም። ልጄ ሁሉንም ክፍል ለክቷል፤ ቁጥሩን ከሱ ተቀበል። የለካው በኔ ሜትር ስለሆነ ግን ከየቁጥሩ አሥር ሳንቲ ይቀነስ።›»

አንዱ አናጢ ሳቁ አመለጠው። «ያ ቆራጣ ሜትር! ጫፉ ተሰብሮበት፣ መንጠቆውን አሥር ቁጥር ላይ መልሶ በሚስማር የመታው። አንድ ጊዜ ተውሼው ሳንቃ ቆረጥኩበት፤ በሩ አጥሮ ድመት ከነልጆቿ በሥሩ ታልፍ ነበር።»

«ጣለው ብንለው አይሰማ» አለ ሌላው ዓይኑን እየጠረገ። «‹ጉድለቱን እኔ እስካወቅኩት ድረስ ምን ይለኛል› ነበር መልሱ።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ግንበኛውም ፈገግ አሉ። የልጁ ጆሮ ጋለ። እንግዲያው አባቱ ያን ቀን አልተኙም። ሜትሩ ከየክፍሉ ሲወጣ ሲገባ አንድ በአንድ ሰምተዋል። ሰምተውም ለእህቱ የነገሯት ስለ መስኮቱ ብቻ ነው።

እህቱ አልሳቀችም። «ሁሉንም ክፍል?» አለች ቀስ ብላ።



«ቁጥሩን ይዘኸዋል፣ ልጄ?» አሉ ግንበኛው እጃቸውን ዘርግተው።

ይዞታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከኪሱ አልወጣም፤ ለደላላው ሊሰጠው ሁለት ጊዜ ሄዶ ሁለት ጊዜ ተመልሷል። ካርቶኑን አወጣ። ግንበኛው ሳይደርሱበት እህቱ ተቀበለችው። ገልብጣ አየችው፤ ያን እሑድ ልትገዛ የሄደችው መድኃኒት ነው። መልሳ ገለበጠችና ጽሑፉን በጣቷ ተከተለች፤ ሳሎን፣ ኮሪደር፣ ኩሽና፣ የአባባ ክፍል።

«የመስኮቱ የለበትም» አለች።

ካርቶኑን ግንበኛው ጉልበት ላይ አስቀመጠች። ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ኩሽና ገባች። አናጢዎቹ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው ሳቃቸው ከሰመ። ቀስ በቀስ ሁሉም እየተነሡ፣ «እግዜር ያጥናችሁ» እያሉ ወጡ።

ልጁ ከዕቃ ሳጥኑ ሜትሩን አመጣ። በመስኮቱ ስፋት ዘረጋው። ከመንጠቆው ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አሁን ገና አየው፤ አሥራ አንድ ይላል። መንጠቆውን የያዘችው ትንሽ ሚስማር በአባቱ እጅ የተመታች ናት፤ ቀጥ ብላ ገብታለች።

እህቱ ብርጭቆ እየወለወለች በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ስንት ሆነ?» አለችው።

«ሜትር ከሠላሳ።»

ብርጭቆውን ወልውላ ጨረሰች።

«ቀንስ» አለችው።

«ሜትር ከሃያ» አለ።

እግሯ ሲርቅ ሰማ። ሜትሩ እንደተዘረጋ ነው። ቢለቀው እንደዚያን ቀን እየተንጣጣ ይገባል። አልለቀቀውም። በሁለት እጁ ይዞ፣ አልጋው ከነበረበት ቦታ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ፣ ድምፅ እንዳያሰማ፣ ሳንቲ በሳንቲ አስገባው።